የኤክስአርኤፍ ንባብ እንዲታመን፦ አፈር፣ ወርቅና ድንጋይ ሲለካ

በእጅ የሚያዘው ኤክስአርኤፍ፣ ማለትም ራጅ ልኮ ነገሩ ከምን ንጥረ ነገሮች እንደተሠራ የሚለካው መሣሪያ፣ ምንም ነገር ላይ ቢደገን ቁጥር ይሰጣል። ጭቃ ላይ፣ ወርቅ ቅብ ቀለበት ላይ፣ ዝገት በለበሰ ቧንቧ ላይ ማስፈንጠሪያው ከተጫነ በደቂቃ ባልሞላ ጊዜ የንጥረ ነገሮች ዝርዝር ከነመጠናቸው ስክሪኑ ላይ ይወጣል። መሣሪያው ግን የለካው ከአፉ ፊት ያለውን ስስ ቆዳ ብቻ ነው። ቆዳው ውስጡን ካልወከለ ቁጥሩም አይወክለውም። በዚህ ሥራ ላይ ከሚታዩት ስህተቶች አብዛኞቹ ከመሣሪያው ሳይሆን ከናሙናው አያያዝ የሚመጡ ናቸው፤ ስለዚህ ከታች የምናየው በይበልጥ ማስፈንጠሪያው ከመጫኑ በፊትና ቁጥሩ ከወጣ በኋላ መደረግ ያለበትን ነው።

መሣሪያው ምን ያያል?

ትንሿ የራጅ ቱቦ አኖዷ አብዛኛውን ጊዜ ሮዲየም ወይም ብር ነው፤ ከ40 እስከ 50 ኪሎቮልት ድረስ ትሠራለች። ከእሷ የሚወጣው ጨረር ከአቶሙ የውስጠኛ ሼል አንድ ኤሌክትሮን መትቶ ያስወጣል። ከውጭኛው ሼል ያለ ኤሌክትሮን ክፍተቱን ሊሞላ ሲወርድ ትርፍ ኃይሉ ሌላ ራጅ ሆኖ ይወጣል። የዚህ ራጅ ኃይል (የንጥረ ነገሩ መስመር ይባላል) ለእያንዳንዱ ንጥረ ነገር የተለየ ነው። ብረት 6.40፣ መዳብ 8.05፣ ዚንክ 8.64፣ ብር 22.16 ላይ ይገኛሉ (እዚህና ከዚህ በኋላ ያሉት የኃይል ቁጥሮች ሁሉ በኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ናቸው)። የአቶም ቁጥር ሲጨምር ኃይሉም በሥርዓት እንደሚጨምር እንግሊዛዊው ሄንሪ ሞዝሊ በፈረንጆቹ 1913 አሳይቷል፤ የዛሬው መሣሪያ ሁሉ የቆመው በዚያ ላይ ነው። ዲቴክተሩ የሚደርሱትን ራጆች አንድ በአንድ እየቆጠረ በኃይላቸው ይደረድራቸዋል። ድርድሩ ስፔክትረም ይባላል፤ በላዩ ላይ ጎላ ብለው የሚታዩት ጫፎች ያሉበት ቦታ ምን እንዳለ፣ ስፋታቸውና ቁመታቸው ደግሞ ስንት እንዳለ ይነግራል።

ቀላል ንጥረ ነገሮች የሚያወጡት ራጅ ደካማ ስለሆነ አየሩና የዲቴክተሩ መስኮት ውጠው ያስቀሩታል። በእጅ ለሚያዘው መሣሪያ ድንበሩ በተለምዶ ማግኒዥየም ነው፤ ከዚያ በታች ያሉት ሶዲየም፣ ኦክስጅን፣ ካርቦን፣ ሊቲየም አይታዩም። በጉጂ ቀንጢቻ እንዳለው ያለ ፔግማታይት (ብርቅ ማዕድናት የሚገኙበት ሻካራ ድንጋይ) ላይ ቢደገን ታንታለሙንና ኒዮቢየሙን ያሳያል፤ ሊቲየሙን ግን በጭራሽ አያሳይም። ለሊቲየም ፍለጋ ብሎ ይህን መሣሪያ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ያልሆነ ቦታ ላይ ያውላል።

አሁን ወደ ጥልቀቱ እንምጣ፤ ይህችን አንድ ነገር የያዘ ሰው ከብዙ ስህተት ይድናል። ራጁ ከናሙናው ውስጥ ወጥቶ ዲቴክተሩ ጋ ካልደረሰ አይቆጠርም፤ ከምን ያህል ጥልቀት ሊወጣ እንደሚችል ደግሞ በራሱ ኃይልና በናሙናው ክብደት ይወሰናል። ከሲሊከን የሚመጣው ምልክት በድንጋይ ውስጥ ጥቂት አሥር ማይክሮሜትር ብቻ ካለው ሽፋን ነው፤ ከፀጉር ውፍረት ያንሳል። ብረት በደረቅ አፈር ውስጥ ከአንድ ሚሊሜትር ሩብ ገደማ፣ እርሳስ ከአንድ ሚሊሜትር አካባቢ ይታያል። ካድሚየም ከአንድ ሴንቲሜትር በላይ ጠልቆም ይታያል። በወርቅ ውስጥ ያለ ወርቅ ግን የሚታየው ከላይኛው 10 ማይክሮሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ በአንድ መለኪያ ጊዜ፣ በአንድ ናሙና ላይ፣ ሲሊከኑና ካድሚየሙ ከተለያየ ጥልቀት የመጡ ናቸው። ድንጋይ ላይ አቧራ ወይም የአየር ጠባይ የለወጠው ቅርፊት ካለ አሉሚኒየሙና ሲሊከኑ የቅርፊቱ ናቸው፤ የድንጋዩ አይደሉም።

ከመጀመር በፊት፦ ጨረሩ

ይህ መሣሪያ የሕክምና ራጅ ክፍል ውስጥ እንዳለው ሁሉ ጨረር ያወጣል፤ የሚለየው በአነስተኛ ኃይልና በጠባብ አፍ ነው። አፉ ላይ ያለው መጠን ከፍተኛ ስለሆነ ናሙናን በጣት ይዞ መለካት ክልክል ነው። ቀለበት በጣት ላይ እንዳለ አይለካም፤ ናሙና መዳፍ ላይ ተቀምጦ አይለካም። ለሕዝብ የሚፈቀደው ዓመታዊ መጠን 1 ሚሊሲቨርት ሲሆን ጣቱን አፉ ላይ የሚያደርግ ሰው ቆዳው ላይ ከዚህ እጅግ የሚበልጥ በአጭር ጊዜ ሊቀበል ይችላል። ስስ ነገር (ቅጠል፣ ጨርቅ፣ ፕላስቲክ) ሲለካ ጨረሩ ዘልቆ በማዶ ይወጣል፤ ጠረጴዛው ሥር እግር መኖር የለበትም። ትንንሽ ናሙናዎች ሁልጊዜ በእርሳስ በተሸፈነው የመለኪያ ሳጥን ውስጥ ይለኩ። መሣሪያውን አገር ውስጥ ለማስገባትም ለመጠቀምም ከጨረር ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ጉዳዩን ከግዢው በፊት ይጨርሱ፤ ያለዚያ ዕቃው ጉምሩክ ላይ ይቆማል።

የጠዋት ምርመራ

መሣሪያው ከበራ በኋላ ከክፍሉ ሙቀት ጋር እስኪስተካከል 10 ደቂቃ ያህል ይጠብቁ፤ ከዚያ ከመሣሪያው ጋር የመጣችውን የብረት ቁራጭ ለክተው የኃይል መስመሩን ያስተካክሉ። ቀጥሎ ሁለት ነገር ይለካል። አንደኛው ባዶ ናሙና ነው፤ ንጹሕ የኳርትዝ ዱቄት። በባዶው ላይ እርሳስ ወይም መዳብ ከታየ የፊቱ መስኮት ቆሽሿል ማለት ነው። መስኮቱ ላይ የተለጠፈችው ስስ ፕላስቲክ ከአፈር ጋር ስትውል ትቆሽሻለች፤ ትለወጥ። ከጀርባዋ ያለውን የዲቴክተር መስኮት ግን በጣትም በጥጥም አይንኩት። ከሰው ፀጉር የሳሳ ቤሪሊየም ወይም ተመሳሳይ ነገር ነው፤ የደረቀ የሣር እንጨት ሳይቀር ይበሳዋል፤ ከተበሳ ዲቴክተሩ ያልቃል። በሜዳ ላይ ቀጥታ መሬት ላይ ከመደገን በፊት አገዳውንና ጠጠሩን ማንሳት ያለብን ለዚህ ነው።

ሁለተኛው የሚለካው ይዘቱ የተረጋገጠ ማጣቀሻ ነው። ለአፈር በብዛት የሚሠራባቸው የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም የኒስት ዱቄቶች ናቸው (ፒፒኤም ከሚሊዮን አንድ እጅ ማለት ነው)፤ 2709ኤ (እርሳስ 17.3 ፒፒኤም)፣ 2711ኤ (1,400 ፒፒኤም)፣ 2710ኤ (5,520 ፒፒኤም)። ጠዋት፣ ማታ፣ በመካከሉም በየአራት ሰዓቱ አንዱን ይለኩ። 2711ኤ ላይ ንባቡ ከ1,120 በታች ወይም ከ1,680 በላይ ከሆነ፣ ማለትም ከ20 በመቶ በላይ ከራቀ፣ ምክንያቱ እስኪገኝ ሥራው ይቁም። ንባቡ ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ የሚያዘነብል ከሆነ ሦስቱንም ለክቶ መስመር ማስመርና ውጤቱን በዚያ ማረም ይቻላል። በአንድ ማጣቀሻ ብቻ ማረም ግን አደጋ አለው፤ 1,400 ላይ የሠራው ማረሚያ 100 ላይ ላይሠራ ይችላል።

ለደገኛ ተጠቃሚ አንድ ነገር እንጨምር። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስላለች የአየር ግፊቷ ከባሕር ጠለል ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። በመሣሪያው አፍና በናሙናው መካከል ያለው አየር ስለሚሳሳ የማግኒዥየም፣ የአሉሚኒየምና የሲሊከን ራጅ ከባሕር ጠለል ይልቅ በብዛት ያልፋል። በዝቅተኛ ቦታ ፋብሪካ ውስጥ የተስተካከለ መሣሪያ ባሮሜትር ከሌለው ወይም የግፊት ማረሚያው ካልበራ እነዚህን ቀላል ንጥረ ነገሮች አብዝቶ ያነባል። ብረትና እርሳስን አይነካቸውም። ቅንብሩ ውስጥ ገብተው ይመልከቱ፤ ማረሚያ ከሌለው ይዘቱ የታወቀ የድንጋይ ዱቄት እዚሁ ለክተው ያስተካክሉ።

አፈር ውስጥ ያለ እርሳስ

አሮጌ ባትሪ ተሰባብሮ እርሳሱ ይቀለጥበት የነበረ ግቢ ልንለካ ነው እንበል። ይህ ከኤክስአርኤፍ ጋር እጅግ የሚስማማ ሥራ ነው፤ እርሳስ ከ10 ፒፒኤም አካባቢ ጀምሮ ስለሚታይ አሳሳቢው መጠን ከዚያ በጣም ይርቃል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ለመኖሪያ ግቢ ለረጅም ዘመን መነሻ አድርጎት የነበረውን 400 ፒፒኤም በፈረንጆቹ 2024 ወደ 200 ዝቅ አድርጎታል።

1. ናሙና አወሳሰድ። ሕፃናት የሚነኩት የላዩን አፈር ስለሆነ ከላይ ከ2 እስከ 3 ሴንቲሜትር ብቻ ይወሰድ። በአንድ የመለኪያ ክፍል ውስጥ ከአምስት ቦታ 100 ግራም ያህል ወስደው በአንድ ንጹሕ ሳፋ ይቀላቅሉ። አካፋው ከማይዝግ ብረት ይሁን፤ ቀለም የተቀባ አካፋ ራሱ እርሳስ ሊጨምር ይችላል።

2. ማድረቅ። እርጥበት ሁለት ጉዳት አለው። ውሃው ራሱ ክብደት ስለሆነ ይዘቱን ያቀጥነዋል፤ ራጁንም ይውጣል። 500 ፒፒኤም የሆነ ደረቅ አፈር 20 በመቶ ውሃ ሲይዝ 400 ወይም ከዚያ በታች ይነበባል። በ105 ዲግሪ ኦቭን ውስጥ ክብደቱ እስኪረጋ ያድርቁ፤ ለአብዛኛው አፈር አንድ ሌሊት ይበቃል። ሜርኩሪ የሚፈለግ ከሆነ ግን በዚህ ሙቀት ይተናል፤ እንዲህ ዓይነቱ ጥላ ሥር በአየር ይድረቅ። ማይክሮዌቭ አይሆንም፤ የብረት ቅንጣት ካለበት ይፈነጣጥራል።

3. መንፋት። መጀመሪያ ጓሉን በእንጨት ዘነዘና ሰባብሮ በ2 ሚሊሜትር ወንፊት፣ ከዚያ በ250 ማይክሮሜትር። እዚህ ላይ ጥያቄው ምን እንደሆነ መወሰን አለበት። ጥያቄው ልጆች እጅ ላይ ተጣብቆ ወደ አፍ ስለሚሄደው ከሆነ ደቃቁ ብቻ ነው የሚፈለገው፤ ጠጠሩ ሳይፈጭ ይጣል፤ እንዲያውም 150 ማይክሮሜትር የተሻለ ነው። ጥያቄው የአፈሩ ጠቅላላ ይዘት ከሆነ ግን በ2 ሚሊሜትር ያለፈው ሁሉ ተፈጭቶ በወንፊቱ ማለፍ አለበት፤ «አልፈጭ አለ» ብሎ መጣል ውጤቱን ያዛባል። ብዙውን ጊዜ እርሳስ በደቃቁ ላይ ስለሚበዛ በሁለቱ መንገዶች የሚገኘው ቁጥር አንድ አይሆንም። ሪፖርቱ ላይ የትኛው እንደተደረገ ይጻፍ።

4. መክፈል። የተነፋውን ክምር አድርገው ጫፉን ደልድለው አራት ይክፈሉት፤ ሁለቱን ተቃራኒ ሩቦች ይጣሉ፤ የቀሩትን ቀላቅለው እንደገና። ለመለኪያ ስኒ የሚሆነው 10 ግራም ያህል እስኪቀር ይቀጥሉ። ከፌስታሉ አፍ ላይ በማንኪያ መቅዳት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ሲጓጓዝ ደቃቁ ወደ ታች ስለሚወርድ የሚቀዳው ሻካራው ነው።

5. ስኒ ውስጥ ማድረግ። ስኒውን ከ4 እስከ 6 ማይክሮሜትር ውፍረት ባለው የፖሊፕሮፒሊን ወይም የማይላር ፊልም ወጥረው ይሸፍኑ። የተጨማደደ ፊልም አየር ይፈጥራል፤ ይለወጥ። ዱቄቱ ቢያንስ 15 ሚሊሜትር ይሙላ፤ ከዚያ ካነሰ እንደ ካድሚየም ያሉት ከባድ መስመሮች ከስኒው ማዶ ያለውን ያያሉ። መጠነኛ ጠቅጠቅ አድርገው ከጀርባው ጥጥ ያስገቡና ይዝጉ። የቤት ስስ ፌስታል ውስጥ አድርጎ መለካት ለጥድፊያ እርሳስ ፍለጋ ያገለግላል፤ ለአሉሚኒየምና ለሲሊከን ግን ፌስታሉ ራሱ ምልክቱን ይውጣል።

6. መለካት። የአፈር ሞድ ይምረጡ። ይህ ሞድ ከአፈሩ ተመልሶ በሚበተነው ጨረር ተመርኩዞ ስለሚያርም ዝቅተኛ ይዘት ላይ ጥሩ ነው፤ እርሳሱ ከ1 በመቶ ካለፈ ወደ ማዕድን ሞድ ይቀይሩ። ከባድ ብረቶችን በሚያሳየው ማጣሪያ ላይ 60 ሰከንድ ይስጡ። ትክክለኝነት በጊዜ የሚገዛ ነው፤ ግን ዋጋው ይወደዳል። የመቁጠር ስህተት በቁጥሩ ካሬ ሥር ስለሚሄድ፣ በ30 ሰከንድ ሲደመር ሲቀነስ 12 የነበረው ወደ 6 እንዲወርድ 120 ሰከንድ ያስፈልጋል። ከዚያ በላይ መጠበቅ ለአፈር ትርጉም የለውም፤ የናሙናው ልዩነት ከመቁጠሩ ስህተት ይበልጣል።

7. መድገም። ስኒውን እያዞሩ፣ በየመካከሉም እያነቀነቁ፣ ሦስት ጊዜ ይለኩ። 412፣ 398፣ 431 ከመጣ አማካዩ 414፣ ልዩነቱም 4 በመቶ ነው፤ ይህ ጥሩ ነው። 410፣ 690፣ 380 ከመጣ ግን አማካይ መውሰድ ስህተትን መደበቅ ነው። ናሙናው ውስጥ የእርሳስ ቅንጣት ወይም የቀለም ቅርፊት አለ ማለት ነው፤ ይፈጭና እንደገና ይለካ።

ስክሪኑን ሳይሆን ስፔክትረሙን ያንብቡ

ሶፍትዌሩ የተጠጋጉ ጫፎችን ለመለየት ይጥራል፤ ሁልጊዜ ግን አይሳካለትም። ዛሬ ያሉት ዲቴክተሮች 5.9 አካባቢ 0.14 ያህል ስፋት ያለው ጫፍ ነው የሚያሳዩት፤ ከዚህ በታች የተቀራረቡ መስመሮች አንድ ሆነው ይታያሉ። ከሁሉም የከፋው አርሰኒክና እርሳስ ናቸው። ኬ እና ኤል ኤሌክትሮኑ የወጣበት ሼል ስም ናቸው፤ አልፋ ዋናው መስመር፣ ቤታ ደግሞ ኃይሉ ከፍ ያለው ሌላው መስመር ነው። የአርሰኒክ ኬ አልፋ 10.54 ላይ ነው፤ የእርሳስ ኤል አልፋ 10.55 ላይ። ፈጽሞ አንድ ናቸው። መሣሪያው እርሳሱን ከ12.61 ካለው ኤል ቤታ ገምቶ የእርሳሱን ድርሻ ይቀንሳል፤ የቀረውን አርሰኒክ ነው ይላል፤ ወይም 11.73 ላይ ወዳለው ደካማ የአርሰኒክ መስመር ይሄዳል። እርሳሱ ከአርሰኒኩ ከ10 እጥፍ በላይ ሲሆን የሚቀረው ከመቀነሱ ስህተት አይለይም። በባትሪው ግቢ 3,000 ፒፒኤም እርሳስ አጠገብ «አርሰኒክ 150» ቢወጣ ለሰው አይነገር፤ ለላቦራቶሪ ይላክ።

የተቀሩት መደራረቦች አንድ ዓይነት ጠባይ አላቸው፤ የአንዱ ቤታ በሚቀጥለው አልፋ ላይ ይወድቃል። የታይታኒየም ቤታ (4.93) የቫናዲየም አልፋ ላይ (4.95)፣ የክሮሚየም ቤታ (5.95) የማንጋኒዝ አልፋ ላይ (5.90)፣ የብረት ቤታ (7.06) የኮባልት አልፋ ላይ (6.93)። የመጨረሻው ለእኛ ቀይ አፈር በተለይ ይመለከተዋል፤ ብረት እጅግ በበዛበት አፈር ላይ ዝቅተኛ ኮባልት መለካት አይቻልም፤ የሚወጣውም ቁጥር የብረቱ ጥላ ነው። ባሪየም ደግሞ በኤል መስመሩ (4.47) ታይታኒየምን (4.51) ይመስላል።

ከዚህ ሌላ በናሙናው ውስጥ የሌሉ ጫፎች አሉ። ዲቴክተሩ ሲሊከን ስለሆነ ከሚደርሰው ራጅ 1.74 አምልጦ ሊቀር ይችላል፤ ስለዚህ ከብረት ጫፍ በስተ ግራ 4.66 ላይ አንድ ትንሽ ጉብታ ይታያል፤ ታይታኒየም አይደለም። ሁለት የብረት ራጆች በአንድ ቅጽበት ከደረሱ እንደ አንድ 12.80 ይቆጠራሉ፤ ይህ ከእርሳስ ኤል ቤታ አጠገብ ነው። በብረት ማዕድን ላይ «እርሳስ አለ» ከተባለ 10.55 ላይም ጫፍ መኖሩን ይመልከቱ፤ ከሁለቱ አንዱ ብቻ ካለ እርሳስ የለም። የአንድ ንጥረ ነገር መኖር በአንድ መስመር ብቻ መቼም አይታመን። 2.96 ላይ የምትታየው የአየሩ አርጎን ናት፤ 19 እና 20 አካባቢ የሚታዩት ሁለት ጉብታዎች የቱቦው የሮዲየም መስመር ተበትኖ ሲመለስ የሚፈጥራቸው ናቸው።

ወርቅ

ለጌጣጌጥ የሚሰጠው ንባብ መቶኛ ነው፤ በ24 ተባዝቶ ለ100 ሲካፈል ካራት ይሆናል። 87.5 በመቶ 21 ካራት፣ 75 በመቶ 18 ካራት ነው። ወጥ የሆነ፣ ንጹሕና ጠፍጣፋ ወርቅ ላይ መሣሪያው በጣም ጥሩ ይሠራል። ግን የሚያየው 10 ማይክሮሜትር መሆኑን አይርሱ። ስስ የወርቅ ቅብ ያለው ናስ ሲለካ ሶፍትዌሩ ወርቁንና ከሥሩ ያለውን መዳብና ዚንክ አንድ ላይ እንደቀለጠ ቅይጥ ቆጥሮ «14 ካራት» ሊል ይችላል። ወፍራም ቅብ ከሆነ ደግሞ ንጹሕ ወርቅ ነው ይላል። ኒኬል ሳይጠበቅ ከታየ ቅብ ይጠርጥሩ፤ ኒኬል ብዙ ጊዜ ከወርቅ ቅብ ሥር የሚደረግ ንጣፍ ነው። እውነተኛ ወርቅም ቢሆን አንጥረኛው ካሞቀው በኋላ በአሲድ ስለሚያነጣው ከላዩ መዳቡ ተበልቶ ወርቁ ከፍ ብሎ ይነበባል።

መፍትሔው ሁለት ነው። በማይታይ ቦታ በሞረድ ትንሽ ፈግፍጎ እዚያው መለካት፤ ወይም ጥግግቱን መለካት። ለሁለተኛው 0.01 ግራም የሚያነብ ሚዛን፣ አንድ ብርጭቆ ውሃና ቀጭን ክር ይበቃሉ። ቀለበቱ በአየር 10.00 ግራም፣ በውሃ ውስጥ ተንጠልጥሎ 9.36 ግራም ከመዘነ ልዩነቱ 0.64 ነው፤ 10.00 ሲካፈል ለ0.64 ጥግግቱ 15.6 ይሆናል፤ ይህ ከ18 ካራት ቢጫ ወርቅ ጋር ይስማማል። ናስ ቢሆን ኖሮ 8.5 አካባቢ ይመጣ ነበር። ዕንቁ የተሰካበት ወይም ውስጡ ባዶ የሆነ ጌጥ ላይ ይህ ዘዴ አይሠራም። ለወፍራም የወርቅ ጡብም አይበቃም፤ የተንግስተን ጥግግት 19.25፣ የወርቅ 19.3 ስለሆነ ሚዛን አይለያቸውም፤ ኤክስአርኤፍም ከቆዳው በታች ያለውን ተንግስተን አያየውም። እንዲህ ያለው በአልትራሳውንድ ይፈተሻል፤ ወይም ይበሳል።

ቀጭን ሐብል ሲለካ ጨረሩ በቀለበቶቹ መሃል አልፎ የመለኪያ ሳጥኑን ስለሚመታ ባለ 3 ሚሊሜትር ጠባብ አፍ ይጠቀሙ፤ ሐብሉንም ሰብስበው ያከማቹ። የብየዳው ቦታ ካራቱ ዝቅ ያለ ስለሆነ ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ቦታዎች ይለኩ።

በድንጋይ ውስጥ ያለ ወርቅን በተመለከተ ግን በግልጽ መነገር ያለበት ነገር አለ። ብዙዎች ይህን መሣሪያ ገዝተው ድንጋይ ላይ እየደገኑ ወርቅ ይፈልጋሉ። በቶን 2 ግራም ያለው ጥሩ የወርቅ ድንጋይ 2 ፒፒኤም ማለት ነው፤ መሣሪያው በድንጋይ ውስጥ ያን ያህል ዝቅ ብሎ አያይም። ከዚያ በላይ የወርቅ ኤል አልፋ 9.71 ላይ ሲሆን የዚንክ ቤታ 9.57፣ የተንግስተን ኤል ቤታ 9.67 ላይ ናቸው። ዚንክ ያለበት ድንጋይ ወርቅ ይመስላል፤ በተንግስተን ካርባይድ ወፍጮ የተፈጨ ማንኛውም ድንጋይም ወርቅ ይመስላል። ወርቁም በድንጋዩ ውስጥ በቅንጣት ስለሚገኝ አንድ ቦታ ላይ መደገን ወይ ምንም አያሳይም ወይ ያጋንናል። መሣሪያው ለወርቅ ፈላጊ የሚጠቅመው በሌላ መንገድ ነው፤ ከወርቅ ጋር አብረው የሚጓዙትን አርሰኒክ፣ መዳብና እርሳስ በመስመር እየለኩ ከፍ የሚሉበትን ቦታ ለመምረጥ። ከዚያ ቦታ የተወሰደው ናሙና 30 ወይም 50 ግራሙ በእሳት አቅልጦ በሚለካው ዘዴ ላቦራቶሪ ውስጥ ይለካል።

ዱቄቱ ሲጠቀጠቅ፣ ሲቀለጥ

ሲሚንቶ ፋብሪካና የማዕድን ላቦራቶሪ ውስጥ ትልቁ የጠረጴዛ ኤክስአርኤፍ የሚሠራው በተጠቀጠቀ ወይም በቀለጠ ናሙና ነው። ለጥቅጥቁ፣ ከ75 ማይክሮሜትር በታች የተፈጨ 8 ግራም ዱቄት ከ2 ግራም ሰም ጋር በደንብ ይቀላቀላል፤ በ40 ሚሊሜትር ቅርጽ ውስጥ በ20 ቶን ለአንድ ደቂቃ ይጨመቃል፤ ግፊቱ ቀስ ተብሎ ይለቀቃል። በድንገት ከተለቀቀ ውስጡ የታመቀው አየር ጥቅጥቁን ይሰነጥቀዋል። የወፍጮውን ዓይነት ይመዝግቡ፤ የክሮም ብረት ወፍጮ ብረትና ክሮሚየም፣ ተንግስተን ካርባይድ ደግሞ ተንግስተንና ኮባልት ይጨምራል። ጥቅጥቁ ፈጣንና ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ሲሊከን ከጥቂት አሥር ማይክሮሜትር ባልበለጠ ጥልቀት ስለሚታይ ቅንጣቷ ራሷ ከዚያ ትልቅ ከሆነች የሚለካው የቅንጣቷ ዓይነት ነው። ሲሊካው እኩል ቢሆንም በኳርትዝ መልክ ያለውና በፌልድስፓር መልክ ያለው የተለያየ ንባብ ይሰጣሉ።

ማቅለጥ ይህን ችግር ከሥሩ ያጠፋዋል። ናሙናው በ1,000 ዲግሪ ለአንድ ሰዓት ይቃጠልና የጠፋው ክብደት ይመዘገባል። ከተቃጠለው በትክክል 1.000 ግራም ከ10.000 ግራም የሊቲየም ቦሬት ጋር ተቀላቅሎ ከ1,050 እስከ 1,100 ዲግሪ ባለው ሙቀት 15 ደቂቃ ያህል እየተነቀነቀ ይቀልጣል፤ እንዳይጣበቅ ትንሽ ሊቲየም ብሮማይድ ይታከልበታል፤ ከዚያ ወደ ቅርጹ ይፈስሳል። ሚዛኑ ላይ የሚፈጠር ስህተት ሁሉ ቀጥታ ወደ ውጤቱ ስለሚገባ አራት አስርዮሽ የሚያነብ ሚዛን ያስፈልጋል። የቀለጠው መስታወት ሲቀዘቅዝ ከተሰነጠቀ ሲሊካው ወይም ቅዝቃዜው በዝቷል፤ ነጭ ነጥብ ካለው ደግሞ ዱቄቱ ሙሉ በሙሉ አልሟሟም፤ እንደገና ይቅለጥ። ማንኛውም ሰልፋይድ፣ የብረት ቅንጣት፣ እርሳስ ወይም አርሰኒክ የበዛበት ናሙና ሳይቃጠልና በናይትሬት ሳይኦክሰድ የፕላቲኒየሙ ማቅለጫ ውስጥ አይግባ። ፕላቲኒየሙን ይበላዋል፤ የአንድ ማቅለጫ ዋጋ ደግሞ የብዙ ወር ደመወዝ ነው።

ቁጥሩን መጻፍ

ሪፖርት ላይ ከንባቡ ጋር ስህተቱ ይጻፍ፤ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ሲደመር ሲቀነስ አንድ ሲግማ (የንባቡ መዋዠቅ መለኪያ) ይሁን ሁለት ወይስ ሦስት ቅንብሩ ውስጥ ይረጋገጥ። ከመለየት ወሰን በታች የሆነውን «የለም» ወይም ዜሮ አይበሉት፤ «ከ10 ፒፒኤም በታች» ይባል። ኤክስአርኤፍ ጠቅላላውን እንጂ ዓይነቱን እንደማይለይም ይታወስ፤ መርዛማው ክሮሚየም ስድስትና ብዙም የማይጎዳው ክሮሚየም ሦስት ለእሱ አንድ ናቸው። ከቁርጥራጭ በተቀለጠ የአሉሚኒየም ድስት ላይ እርሳስ ከታየ ድስቱ እርሳስ አለበት ማለት ነው፤ ወጥ ውስጥ ምን ያህል እንደሚገባ ግን በ4 በመቶ አሴቲክ አሲድ አፍልቶ ውሃውን በሌላ መሣሪያ መለካት ነው የሚነግረን።

ከ20 ናሙና ቢያንስ አንዱ ላቦራቶሪ ይሂድ፤ ሲመረጥም ሁሉም ከዝቅተኞቹ ሳይሆን ጥቂቱ ውሳኔ ከሚሰጥበት መጠን አካባቢ፣ ጥቂቱ ከከፍተኞቹ ይሁን። የሚላከው የተለካው ያው የስኒው ዱቄት ነው፤ ከዚያው ቦታ የተወሰደ ሌላ አፈር ከሆነ የሚነጻጸሩት ሁለት ናሙናዎች እንጂ ሁለት ዘዴዎች አይሆኑም። ላቦራቶሪው በምን አሲድ እንደሚያሟሟም ይጠይቁ። በአኳ ሬጂያ (የናይትሪክና የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ድብልቅ) ከሆነ በሲሊኬት ውስጥ የተቆለፈው ክሮሚየም ስለማይሟሟ የኤክስአርኤፉ ክሮሚየም ከላቦራቶሪው ከፍ ይላል፤ እዚያ ላይ የተሳሳተ ወገን የለም፤ የተለካው ነገር ነው የተለያየው።